ሦስት እርምጃ የጎደለው ቤት

ሐሙስ በምሳ ሰዓት መልህቅ እንዲህ ብላ ጻፈችልን፦ «ቅዳሜ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንነሳለን። አራት ወር ኔትወርክ የሚባል ነገር የለም። ኤሊ፣ እስከዚያ ያንን በር ካልከፈትሽው ባሕር መሃል ላይ እፈነዳለሁ። ጥፋቱ ያንቺ ነው።»

ኤሊ እኔ ነኝ። መልህቅ በጭነት መርከብ ላይ ምግብ አብሳይ ናት። የቀሩት ሁለቱ የጥርስ ሐኪሙና ሰርግ ላይ ኪቦርድ ስለሚጫወት ኪቦርድ የምንለው ናቸው፤ ሁላችንም የምንጠራራው በቅጽል ስም ነው። አራታችን በአካል ተያይተን አናውቅም፤ የተዋወቅነው በአንድ የቆየ ፊልም ምክንያት ኢንተርኔት ላይ ተሰዳድበን ነው። ስድቡ ስለጣፈጠን አልተለያየንም። ሰኞ ስለ ዘፈን፣ ረቡዕ ስለ ፊልም፣ ቅዳሜ ስለ ጌም እናወራለን።

ያለን ሕግ አንድ ብቻ ነው። የመጨረሻው ሰው ሳይጨርስ ስለ መጨረሻው ማንም ትንፍሽ አይልም። ሐኪሙ አንድ ጊዜ «ሰውየው እኮ አልሞተም» ብሎ አምልጦት፣ የሳሙና ማስታወቂያ ዘፈን አርባ ጊዜ እንዲሰማና ስለ ዘፈኑ አንድ ገጽ እንዲጽፍ ፈረድንበት። ሁለት ገጽ ጻፈ። አሁንም ጥርስ ሲነቅል ያፏጨዋል ይላሉ።

አሁን የያዝነው ጌም ሃያ ሁለት በር ስላለው ቤት ነው። አንዲት ፖስተኛ ደብዳቤ ይዛ በየክፍሉ እየዞረች ባለቤቱን ትፈልጋለች። ሦስቱ በአንድ ሳምንት ጨረሱት። እኔ ግን ሃያ ሁለተኛው በር ፊት ከቆምኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ሥራዬ የሕንጻ ፕላን መንደፍ ስለሆነ፣ እያንዳንዱን ክፍል በፖስተኛዋ እርምጃ ለክቼ ካሬ ወረቀት ላይ ካልሳልኩ አላልፍም አልኳቸው። አመኑኝ። ሰበብ ነበር። የሚያልቅ ነገር አልወድም፤ ካለቀ በኋላ የሚመጣውን ዝምታ አውቀዋለሁ።

መልህቅ ግን ስለ መጨረሻው አንድ ሐሳብ ይዛ ሦስት ሳምንት ሙሉ ምላሷን ነክሳለች። ወደ ጌም ያስገባችኝም እሷ ናት። ሳትተነፍሰው ብትሄድ ይቅር የምትለኝ አይመስለኝም፤ እኔም ለራሴ ይቅር አልልም።

ቅዳሜ የምንሠራው እስከ ስድስት ሰዓት ነው። አምስት ደቂቃ ሲቀረው አለቃዬ ኢንጂነሩ አንድ ፕላን ተሸክሞ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው።

«ይሄ የነደፍሽው ክሊኒክ የመጸዳጃ ቤት በር ሲከፈት የሚያርፈው የት ነው?»

አየሁት። እጅ መታጠቢያው ላይ ነበር።

«እጁን የሚታጠበው ሰው ጀርባውን በበር ሊመታ ነው እንዴ?»

«አስተካክለዋለሁ። ሰኞ ጠዋት...»

«ሰኞ ጠዋት ባለቤቶቹ ይመጣሉ። ምነው፣ የምትቸኩይበት አለ?»

የምቸኩለው አንዲት ፖስተኛ በር ፊት አቁሜ ስለመጣሁ ነው አይባልም። በሩን ወደ ውጭ ገለበጥኩት፤ ያኔ ደግሞ ኮሪደሩ ጠበበ፤ ኮሪደሩን ሳሰፋ የመድኃኒት መጋዘኑ ጮኸ። ከቢሮ ስወጣ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ነበር። ከአውቶቡሱ እስከ ቤቴ ያለውን መንገድ በዚህ ዕድሜዬ ሮጥኩት።

አማቴ መነጽራቸውን አድርገው ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጠዋል። አብረን ነው የምንኖረው። የእሳቸው ልጅና የእኔ ባል አንድ ሰው ነበር። ከተለየን ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ ስለዚያ ብዙ አናወራም። ስለ ፖስተኛዋ ግን በየቀኑ እናወራለን።

«ጓደኞችሽ ሦስት ጊዜ ደወሉ» አሉኝ። «ያቺ መርከበኛዋ ልታለቅስ ምንም አልቀራት።»

«እማዬ፣ አነሱት እንዴ?»

«ሲጮህ ዝም ልበል? ሰላም አልኳት። አግብታ እንደሆነም ጠየቅኳት።»

ገና ማዳመጫውን ስሰካ ሦስቱም በአንድ አፍ ጮኹብኝ።

«ኤሊ! የት ጠፍተሽ ነው!»

«ሽንት ቤት ነበርኩ» አልኩ። «ስነድፍ።»

«ክፈችው!» አለች መልህቅ። ከኋላዋ ድስት ይንኳኳል። «ሌላ ወሬ አልፈልግም። ክፈችው!»

ሐኪሙ የገባው ከራሱ የጥርስ ክሊኒክ ነው። «ታካሚ ወንበር ላይ አለ፤ ማደንዘዣው እስኪይዝለት ጊዜ አለኝ» አለ። «ኧኧ... ኧኧ» የሚል ድምፅ ተሰማ። «እሱም ጨርሶታል። በርቺ እያለሽ ነው።»

ኪቦርድ የጌሙን ሙዚቃ ቀስ እያለ መጫወት ጀመረ። ከመክፈቴ በፊት በሩ ያለበትን ኮሪደር ልክ ካሬ ወረቀቴ ላይ ልሙላ ብዬ ፖስተኛዋን ከጫፍ እስከ ጫፍ አስኬድኳት። አማቴ ጮክ ብለው ቆጠሩልኝ። አርባ እርምጃ። በኮሪደሩ ዳር ያሉትን ክፍሎች ከነግድግዳቸው ደመርኩ። ሠላሳ ሰባት።

«ቆይ» አልኩ።

«አትቆዪም!» አለች መልህቅ።

«በምግብ አዳራሹና በደረጃው መካከል ሦስት እርምጃ ጎድሏል። ግድግዳ ሦስት እርምጃ አይወፍርም። ውስጡ ክፍል አለ።»

ሙዚቃው ቆመ። ድስቱም ቆመ።

«ምን ክፍል?» አለ ኪቦርድ።

«ሁላችሁም ጨርሳችሁ የለ? አላያችሁትም?»

ጨርሰናል ብለው ሦስት ሳምንት የተኩራሩብኝ ሰዎች ዝም ሲሉ መስማት እንዴት እንደሚያስደስት ልገልጸው አልችልም። ታካሚው ብቻ «ኧ?» አለ።

ጥሩ ሰበብ እጄ ገብቶልኝ ነበር። ግድግዳውን ስጎረጉር አሥራ አንድ ሰዓት ይሆናል፤ በሩም ተዘግቶ ይቀራል። ማንም አይቀየመኝም።

«ኤሊ» አለች መልህቅ፣ ድምፅዋን ቀንሳ። «ግድግዳው ይቆይ። እባክሽ።»

አማቴን አየኋቸው። «ምን ታይኛለሽ?» አሉኝ። «ልጅቷ እኮ መሄዷ ነው።»

በሩን ከፈትኩት።

ክፍሉ ውስጥ ማንም የለም። ረጅም ጠረጴዛና አንድ ባዶ ወንበር ብቻ አለ። ፖስተኛዋ ተቀመጠች፤ ደብዳቤውን ገለበጠችው፤ የተጻፈው ለእሷው ነው። «ደክሞሻል፤ ግቢ፤ ቤትሽ ነው» ይላል። ወዲያው ሃያ ሁለቱም በሮች ባንዴ ተበረገዱ፣ ነፋስ መጋረጃዎቹን ሁሉ አነሳ፣ ከየክፍሉ ጡሩምባና ከበሮ ፈነዳ። ኪቦርድ አብሮ ተጫወተ። ሐኪሙ አብሮ አፏጨ። እኔ ጮኽኩ። አማቴ ማልቀስ ይሁን መሳቅ ያልለየለት ነገር እየሆኑ ያጨበጭባሉ።

«አሁን!» አለች መልህቅ፤ የሦስት ሳምንቱን በአንድ ትንፋሽ አወረደችው። «ደብዳቤውን የጻፈችው ራሷ ናት! የመጀመሪያው ክፍል ውስጥ ያለውን ቀለም አላያችሁም? ጽፋ ረስታው ነው!»

«አይደለም!» አለ ሐኪሙ። «ቤቱ ነው የጻፈው!»

«ቤት እጅ አለው?»

«ሃያ ሁለት በር ያለው ነገር እጅ አያጣም!»

ተደማመጥን ለማለት አልችልም፤ አራታችንም እኩል ነበር የምናወራው። በመሃል አማቴ ማይክሮፎኑን ወደራሳቸው ሳቡት።

«ልጆች፣ የጻፈላትማ ከእሷ በፊት የነበረው ፖስተኛ ነው። እሱ ደክሞት ሲሄድ ቦታውን ለቀቀላት።»



«ኤሊ» አለ ኪቦርድ፣ «እማማን እስከ ዛሬ የት ደብቀሽብን ነው?»

ጊዜው እንዴት እንዳለፈ አላወቅንም። የመርከቡ ጡሩምባ ሲጮህ ሁላችንም ደነገጥን።

«ስንት ደቂቃ አለሽ?» አልኳት።

«ስምንት! ያንን ግድግዳ ምሪኝ! ላፕቶፔ ተከፍቷል!»

ፕላኔን ብድግ አድርጌ መምራት ጀመርኩ። ኪቦርድም ጌሙን ከፈተ። «የኔ ኮምፒዩተር ቤት ነው!» እያለ ሐኪሙ ይጮሃል፤ ታካሚውም አብሮት።

«ወደ ምግብ አዳራሹ ግቢ። ግራ ግድግዳ። ከጥጉ አራት እርምጃ።»

«ሰዓቱ ጋ?»

«እሱን እለፊው። ቁም ሳጥኑ ጋ ስትደርሺ ግድግዳውን ግፊው።»

«አይገፋም!»

«ዝቅ በይና ግፊ» አሉ አማቴ።

አንድ ነገር ሲንሸራተት ተሰማ። ከዚያ መልህቅ እንደዚያ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም።

«ኤሊ! ኧረ ጉድ! ውስጡ እኮ...»

«አፍሽን ዝጊ!» አልናት ሦስታችንም። «ሕግ ነው!»

«ኧረ ልሞት ነው! አራት ወር? አራት ወር እንዴት...» ድምፅዋ ተቆራረጠና ጠፋ።

ሳቃችን አላባራ አለ። ሐኪሙ ታካሚው ምራቁን መያዝ አቅቶታል ብሎ ሮጠ። ኪቦርድ «ሁላችንም እንየው፤ እሷ እስክትመለስ ግን ማንም ትንፍሽ አይልም» አለ። ተስማማን።

እኔ እስከ ነገ አላቆየሁትም። ማይክሮፎኑ እንደተከፈተ፣ ኪቦርድም ገና ሳይደርስበት እዚያው መስመር ላይ እየሰማን፣ ፖስተኛዋን ቁም ሳጥኑ ጋ አደረስኳት፤ ዝቅ አድርጌ ግፊ አልኳት። ግድግዳው ተንሸራተተ።

አማቴ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ፣ መነጽራቸውን ከፍ አደረጉ፣ አፋቸውን ከፈቱ። እኔም፣ በትዳርም ከትዳር በኋላም ደፍሬ የማላውቀውን፣ የአማቴን አፍ በእጄ ግጥም አድርጌ ያዝኩት።