ከጣኢፍ የመጣችው ጽጌረዳ

የፈድሉ ከፊል፣ ቪዛ አውጥቶ ያስመጣው አሠሪ፣ ያለው ጅዳ ነው፤ እሱ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ የሠራው መካ፣ ሩሰይፋ፣ ሐጃ ኑራ ግቢ በአትክልተኝነት ነበር። ሳምንቱን ሠርቶ ለጁምዓ ጅዳ፣ ጉለይል ሰፈር፣ ጓደኛው ዑስማን ጋ ይመለሳል።

ግቢው ውስጥ አራት እግር ጽጌረዳ ነበር። የተከሏቸው የሐጃ ኑራ ባል፣ አንዷን ከጣኢፍ፣ ከሚስታቸው እናት ደጅ ቆርጠው እንዳመጧት ይናገሩ ነበር፤ የቷ እንደሆነች ሳይነግሩ ሞቱ። ሦስቱ ሙቀቱ በረድ ሲል ያብባሉ። አራተኛዋ እሾኻም፣ ቅጠለ ሻካራ ነበረች፤ እምቡጥ ብትይዝም ሳይፈካ ይደርቅባታል። በጥቅምት የሐጃ ኑራ ልጅ ነቅለህ ጣላት አለው። ነቀላት።

ኅዳር ላይ ከከፊላቸው ውጭ የሚሠሩ ስደተኞች አፈሳ ተጀመረ። ዑስማን ከቤት እንዳትወጣ ብሎ ለመነው። ሐጃ ኑራ ግን ከቀሩት ሦስቱ ሮዝ ቀለሟ ጽጌረዳ ማበቧን፣ የእናታቸው እሷ ትሁን አትሁን መጥቶ እንዲለይላቸው ደውለው ነበር። የገዛ እናቱ የሞተች ጊዜ አጠገቡ ተቀምጠው ያለቀሱ ሴት ናቸው። ሄደ።

የእናታቸው ጽጌረዳ ምን ዓይነት እንደነበረች ጠየቃቸው። በዓመት አንዴ፣ ብርዱ ሲያልፍ ብቻ ታብብ እንደነበር ነገሩት። ልጆች ሳሉ እምቡጧን ሲያሹት ሽታው ቀኑን ሙሉ ከእጃቸው አይለቅም ነበር።

ፈድሉ ከሮዟ አንድ እምቡጥ ቆርጦ አሸው። የፈካው አበባዋ ያውዳል፤ እጁ ላይ የቀረው ግን የቅጠል ሽታ ብቻ ነው። ያኔ ትዝ አለው። እሾኻሟን ሲነቅል የደረቀ እምቡጧ መዳፉ ላይ ተፈርክሶ፣ ታጥቦም ሽታው አልለቀው ብሎ ነበር።

እሷ ናት ቢላቸው ደስ ብሏቸው ይኖሩ ነበር። አልቻለም።

"ሐጃ፣ ይቺ አይደለችም።"

"የቷ ናት ታዲያ?"

"የነቀልኳት።"

ሐጃ ኑራ ብርዱ ሲያልፍ ጣኢፍ ሄዶ ቁራጭ እንዲያመጣላቸው ጠየቁት። የእናታቸው ቤት ፈርሶ መንገድ ከሆነ ቆይቷል፤ ሁለቱም ያውቃሉ። እሺ አላቸው።

ከመካ ሲመለስ ጅዳ መግቢያ ላይ ፖሊሶች አውቶቡሱን አስቆሙት። ከፊሉ ጠፍቶብኛል ብሎ አመልክቶ ኖሮ፣ ኢቃማውን፣ የመኖሪያ ፈቃዱን፣ አይተው አወረዱት። ከታሰረበት፣ በሰው ስልክ አንድ ጊዜ ለሐጃ ኑራ ደወለ። ያነሳው ልጃቸው ነው። እናቴን አትረብሻት፣ ሁለተኛ እንዳትደውል ብሎ ዘጋው። በሳምንቱ ፈድሉን ከብዙ ሰው ጋር አሳፍረው አዲስ አበባ አወረዱት።