ከደረቁ ወንዝ ዳር ያለው መሬት

ናዋል ጅግጅጋ አድጋ፣ ሐረማያ ተምራ ወደ ወላጆቿ አገር፣ ወደ ሀርጌሳ የተመለሰች የአፈር መሐንዲስ ናት። ዳሚ ለሚባለው የከተማው ሰፈር ችግረኞች ቤት ሊሠራበት የታሰበውን መሬት መርምሪ ስትባል፣ ቤት ከሚሰጣቸው ሰዎች ስም ዝርዝር ውስጥ እትዬ ዓኒሳንና ባለቤታቸውን ኤልሚን አገኘች። ጅግጅጋ ሳሉ ጎረቤቶቿ ነበሩ፤ እናቷ በሞተችበት ዓመት ያበሏት እነሱ ናቸው። አሁን ኤልሚ ሳንባቸው ታሞ በቆርቆሮ ዳስ ውስጥ አልጋ ይዘዋል።

መሬቱ ከደረቁ ወንዝ ዳር ነው፤ ሜዳ፣ ለገበያ ቅርብ። ሠራተኞቹ የአፈር መፈተሻውን ዘንግ በመዶሻ ሲመቱት ግን በአራት ምት ብቻ ሰላሳ ሳንቲ ሜትር ሰመጠ። ሁለት ሜትር ላይ ውሃ ተገኘ፤ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ልል፣ ደቃቅ አሸዋ ነበር። ሌላ ቦታ አስቆፈረች፣ ደግሞ ሌላ። ሰባተኛው ጉድጓድ ላይ ስትደርስ፣ የምትፈልገው ጠንካራ መሬት ሳይሆን መሬቱን ለማጽደቅ ማመካኛ መሆኑ ገባት።

እነ እትዬ ዓኒሳ ከሌላ ሰው እንዳይሰሙ ብላ ራሷ ወደ ዳሱ ሄደች።

«እትዬ፣ መሬቱ አይሆንም። አሸዋው ውሃ አዝሏል። የመሬት መንቀጥቀጥ ከመጣ እንደ አጥሚት ቀጥኖ ቤቱን ይውጠዋል።»

«መቼ ነው የሚመጣው?»

«አላህ ያውቃል። በእኛ ዕድሜ ላይመጣም ይችላል።»

እትዬ ዓኒሳ ወደ አልጋው ዞር ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የሱ ቀን ግን ቀርቧል። ልጄ፣ ዝም ብትዪስ?»

ኤልሚ ግን ሰምተው ኖሯል።

«ተያት» አሉ ሚስታቸውን፣ እንደ ጅግጅጋው ጊዜ በተሰባበረ አማርኛቸው። «እዚያ የሚገቡት ሌሎች ሰዎች ልጆች አሏቸው።»

በሪፖርቷ «ለመኖሪያ አይሆንም» ብላ ፈረመች። ድንጋያማ መሬት እስኪገኝ ብቻ ዘጠኝ ወር ፈጀ። መሠረቱ በተጣለ በሳምንቱ ኤልሚ እዚያው ዳስ ውስጥ አረፉ። በዚያ ሁሉ ጊዜ መሬት አንድም ቀን አልተንቀጠቀጠም።

ለቅሶ ስትደርስ እትዬ ዓኒሳ አጠገባቸው አስቀመጧት፤ እጇንም ያዙ።

«አልተቀየምኩሽም» አሉ። «ለጊዜው ግን አትመላለሺብኝ። ሳይሽ እሱ ሳይገባበት የቀረው ያ ቤት ይታየኛል።»

ቤቶቹ አልቀው ሰዎቹ ሲገቡ ናዋል ለሥራ እዚያው ነበረች። እትዬ ዓኒሳ ፍራሻቸውን ተሸክመው ከመኪና ሲወርዱ ልታግዛቸው ሮጠች። አልሰጧትም።

«አሰላሙ ዓለይኩም» ብለው አለፉ፤ ለማንኛውም መንገደኛ እንደሚሉት፣ ስሟን ሳይጠሩ።