የአባዬ ቦቲ ልክ

አባቴን ሊወስድብኝ የሚመጣው ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት፣ በመኪና። ከተማ ውስጥ ሆስፒታል አጠገብ ቤት አለው፤ አባዬን ደግሞ ጉልበቱ ከድቶታል። ምን ብዬ ልከራከር? እኔ ጨው ማምረቻ ውስጥ የኩሬ ውሃ የምከፍትና የምዘጋ ሴት ነኝ፤ ሥራውንም የወረስኩት ከራሱ ከአባዬ ነው። በስልክ «ደግ አሰብክ» አልኩት። ውስጤ ግን እርር ድብን ብሏል።

አባዬ እሺ ያለው በአንድ ነገር ብቻ ነው። «ቢጫ ቀለበቷን ሳላይ ከዚህ ወንበር ንቅንቅ አልልም። ካየኋት በኋላ እንደፈለጋችሁ አድርጉኝ።»

ቢጫ ቀለበቷ ወፍ ናት። የእንቁላል ግማሽ እንኳን የማትመዝን የውሃ ዳር ወፍ። እኛ የጨው ሠራተኞች «ልብስ ሰፊዎች» እንላቸዋለን፤ ጭቃውን በመንቁራቸው ጠቅ ጠቅ ጠቅ ሲያደርጉት ልክ የስፌት መኪና መርፌ ነው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት አንድ የወፍ ተመራማሪ መጥቶ እግሯ ላይ ቢጫ ቀለበት ሲያስገባላት፣ በመዳፉ የያዛት አባዬ ነበር። «ልቧ እጄ ላይ ሲመታ እኮ!» ይለኛል እስከ ዛሬ።

ሰውየው ያን ቀን የነገረውንም በቃሉ ይዞታል። የሚፈለፈሉት ከዓለም ጫፍ፣ ዛፍ በማይበቅልበት የበረዶ አገር ነው። ጫጩቶቹ ገና ክንፍ ሲያወጡ ወላጆቻቸው ትተዋቸው ቀድመው ይሄዳሉ። ልጆቹ መንገዱን ማንም ሳያሳያቸው፣ ባሕሩንና በረሃውን አቋርጠው ራሳቸው እዚህ ድረስ ይመጣሉ። «እስቲ አስቢው!» ይለኛል። እኔ ሳስበው የሚታየኝ ትቶ የሄደው አባት ነው።

እዚህ ሲደርሱ አጥንትና ላባ ብቻ ናቸው። ጭቃው ውስጥ ያለውን ትል ለቅመው እንዲያገግሙ ውሃው ስስ መሆን አለበት፤ እግራቸው የጣቴን ግማሽ አያክልም። አባዬ ለዚህ የራሱ ዘዴ ነበረው። ቦቲው ላይ፣ ከሶሉ አንድ ጣት ከፍ አድርጎ፣ በቀይ የጥፍር ቀለም አሰመረ። እነሱ በሚመጡበት ወቅት ከመስኮታችን ፊት ያለው የመጨረሻው ኩሬ ውስጥ ይቆምና፣ ውሃው መስመሩ ላይ ሲደርስ ይዘጋዋል። ዘንድሮ ያ ቦቲ ውሃ ማስገባት ስለጀመረ ለራሴ አዲስ ገዛሁና፣ እኔም ከሶሉ አንድ ጣት ለክቼ አሰመርኩ።

ወፎቹ ዓርብ ከሰዓት መጡ። አባዬ መስኮቱ ላይ የሩቅ ማያ መነጽሩን ይዞ «መጡ! መጡ!» ሲል ቤቱ ተናወጠ። ኩሬውን ዞሩት፣ ወረድ አሉ፣ እግራቸውን ዘረጉ፣ ከዚያ ብድግ! ሦስቴ እንዲህ አደረጉ። በመጨረሻ የኩሬው የሲሚንቶ ግንብ ላይ ተደርድረው ኩምትር አሉ።

«ለምን አይበሉም? ውሃው ምን ሆኗል?»

«በልክህ ነው አባዬ።»

«እንግዲያው ደክሟቸው ነዋ» አለ፤ መነጽሩን ግን አላወረደም።

ማምሻውን ቦቲዬን አውልቄ በር ላይ ከአሮጌው የአባዬ ቦቲ ጎን ሳቆመው ክው አልኩ። የእኔ ቀይ መስመር ከሱ በሁለት ጣት ይበልጣል! የአዲሱ ሶል ወፍራም ነው፤ የአባዬ ደግሞ በስንት ዓመት ጨው ተበልቶ ወረቀት አክሏል። ያን ሁሉ አገር አቋርጠው የመጡትን እንግዶች ፆም ያዋልኳቸው እኔ ነኝ።

ወዲያው መሮጥ ነበረብኝ። አልሮጥኩም። ውሃው ካልጎደለ አይወርዱም፤ ካልወረዱ ቀለበቷን አያይም፤ ካላየ አይሄድም። አዎ፣ እንዲህ ብዬ አስቤያለሁ፤ ምን ላድርግ፣ አባቴ ነው። ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ።

«አይዞሽ የኔ እናት» አለ አባዬ ከውስጥ። «ደርሰሻል እኮ፤ አይዞሽ።» ለእኔ መስሎኝ ዞር አልኩ። በመስኮቱ ገና ላላያት ወፍ ነው የሚያወራው።

ተነሥቼ በባዶ እግሬ ሮጥኩና ውሃው እንዲጎድል የማፍሰሻውን መዝጊያ ከፈትኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ወንድሜ ሲደርስ ኩሬው ሙሉ ስፌት ላይ ነበር። የአባዬ ሻንጣ በር ላይ ተቀምጧል። ሁለታችንም ከኋላው ቆመን ጠበቅን። አባዬ እያንዳንዷን እግር በመነጽሩ ፈተሸ። ከዚያ አንዲቷ ላይ ቆመ።

«ይቺትና! ይቺትና!»

መነጽሩን ተቀብዬ አየሁ። ቀለበቷ ደብዝዟል፤ እሷ ከስታ ጭራሮ ሆናለች። ግን ትበላለች፣ አቤት አበላሏ!

«በቃ፣ አየሃት አባዬ» አለ ወንድሜ ሻንጣውን እያነሣ። «እንሂድ።»

አባዬ ዞሮ ከላይ እስከ ታች አየው። «ወዴት?»

«ቃል ገብተህ የለ እንዴ?»

«ገብቻለሁ። ግን አንተ ልጅ፣ እንግዳ ገና ከመንገድ ስትገባ ባለቤቱ ብድግ ብሎ ይሄዳል? እንዲህ አድርጌ ነው ያሳደግኩህ?»

ወንድሜ እኔን አየኝ። «ወፏ መቼ ነው የምትመለሰው?»

«ከሰባት ወር በኋላ» አልኩ።

«ስምንት ይሁንላት» አለ አባዬ መነጽሩን ከእጄ እየነጠቀ። «ዘንድሮ በጣም ከስታለች።»

ወንድሜ ሻንጣውን መልሶ አስቀመጠው። እኔ እንባዬን እንዳያዩብኝ «ውሃውን ልየው» ብዬ ወጣሁ፣ የአባዬን አሮጌ ቦቲ አጥልቄ። ውሃ ያስገባል። ያስገባ።