ወረቀት ያሠራው ማማ

የግንቡ ወጥ ሠሪ ኡዶክሲ ከማለዳ ጀምሮ መቆሚያ መቀመጫ አጥታለች። የታጠበ ድስት መልሳ ታጥባለች፤ ደጅ ወጥታ መንገዱን ታያለች፤ ተመልሳ ለምን እንደወጣች ትረሳለች። የድሮ ቤቶችን ዕድሜ የምትመረምር የመንግሥት ሠራተኛ ከቦርዶ ትመጣለች ተብሏል።

የወይን እርሻውና የግንቡ ጌታ ሙሴ ጎንትራን ትናንት ወጥ ቤት ድረስ ወርዶ ነበር። አፍንጫውን እየጠረገች ያሳደገችው እሷ ናት፤ ዛሬ ቁመቱ ረዘመና ማዘዝ አማረው።

«እማማ፣ ነገ ዝም በዪልኝ» አላት። «ማማው ከእንግሊዞች ጦርነት ዘመን ነው ብያለሁ። ሴትዮዋ ካመነች መንግሥት ያድሰዋል። ካላመነች ዘንድሮ አፈርሰዋለሁ። የምትተኚው እዚያው ሥር ነው፤ አስቢበት።»

«የአያቴን ሥራ ለእንግሊዝ ልትሰጥ?»

«አያትሽ ሞቷል። አንቺ ግን ክረምቱ ይመጣብሻል።»

እሺ አለች። ቃል መስጠትማ ቀላል ነው፤ ጭንቁ ይዞት ማደሩ ላይ ነው።

መርማሪዋ ማድሞዜል ክሎቲልድ ረፋድ ላይ ደረሰች። ቀጭን ናት፣ ጭቃ የማይፈራ ጫማ አድርጋለች። በግንቡ ግራ የቆመውን የማማውን ግድግዳ ለካች፣ በጣቷ አንኳኳች፣ ኖራውን ቧጠጠች። ጎንትራን ከኋላ ከኋላዋ እየተከተለ ስለ ፈረሰኞችና ስለ ከበባ ያወራላታል። ኡዶክሲ ሥጋውን በወይን ጭራሮ እሳት ላይ ጥላ ጆሮዋን ደጅ ልካዋለች።

«ያነጹት እነማን እንደሆኑ አይታወቅም?» አለች ማድሞዜል።

«ማን ያውቃል፤ ስማቸው ጠፍቷል።»

የኡዶክሲ መቆንጠጫ ከእጇ ወደቀ። ሥጋውም በአንድ ጎኑ አረረ።

ምሳ ላይ ሾርባው ሊያልቅ ሲል ማድሞዜል እንደ አገሬው ወግ ሳህኗ ላይ ቀይ ወይን ጨመረች፤ አዙራ አዙራ በሁለት እጇ አንሥታ ጨለጠችው። ጎንትራን ይህን ከተወ ቆይቷል፤ ነውር ነው ይላል። ኡዶክሲም ለራሷ ቀዳችና ጠጣች። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ ወይንም ከብቅል አያንስም።

«አንድ ነገር አልገባኝም» አለች ማድሞዜል። «የማማው የቀስት መወርወሪያ ቀዳዳዎች በሙሉ ወደ ግቢው ያያሉ። ወደ ሜዳው አንድም የለም። ጠላት የመጣው ከወጥ ቤት ነው እንዴ?»

«ክህደት ነበር» አለ ጎንትራን ፈጠን ብሎ። «የውስጥ ጠላት።»

«የውስጥ ጠላትስ አለ» አለች ኡዶክሲ። «እዚህ ተቀምጦ ሾርባዬን ይጠጣል።»

«እማማ።»

«ምን እማማ ትለኛለህ። ተነሺ ልጄ፣ ዶሮ ላሳይሽ።»

በግንቡ ቀኝ በኩል ወዳለው የዶሮ ቤት ወሰደቻት። «ክብ የዶሮ ቤት አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለችና ገለባውን በእግሯ ገፋችው። ከሥሩ ክንድ ተኩል ውፍረት ያለው የተጠረበ ድንጋይ ወጣ።

አያቷ ዘፊሪን ግንበኛ ነበር። የዚያን ጊዜው ጌታ ወይኑ እንዲከበርለት ጠርሙሱ ላይ በሚለጠፈው ወረቀት የማማ ሥዕል ፈለገ፤ ማማ ግን አልነበረውም። ሥዕሉን አታሚ ዘንድ አዘዘ፤ ዘፊሪንን ደግሞ ከግንቡ በቀኝ በኩል መሠረት አስጣለ። አታሚው ማተሚያ ድንጋይ ላይ የተሳለ ነገር ሲታተም ግራና ቀኙ እንደሚገለበጥ ዘነጋ፤ ማማው ወረቀቱ ላይ በግራ ወጣ። ይህ ሲታወቅ ጠርሙሶቹ ወረቀቱ ተለጥፎባቸው መርከብ ላይ ነበሩ።

«እንግዲያው ማማውን ወደ ወረቀቱ አምጣው አለው ጌታው» አለች ኡዶክሲ። «አያቴ ድንጋዩን ለቀኝ ጠርቦ ጨርሶ ነበር፤ እንዳለ ግራ ላይ ደረደረው። ወደ ውጭ ሊያዩ የነበሩት ቀዳዳዎች ወጥ ቤቴን ያያሉ። የምን እንግሊዝ ነው።»

ጎንትራን የዶሮ ቤቱ በር ላይ ኖራ መስሎ ቆሟል።

«የት ልትተኚ ነው?» አላት።

«እዚሁ። መሠረቱ ካንተ ቃል ይጠናል።»

ማድሞዜል ሳቅ አመለጣት፤ ስለ ማማው ዕጣ ግን ተስፋ አልሰጠችም። «መሥሪያ ቤቱ ምን እንደሚል አላውቅም። እኔ ያየሁትን እጽፋለሁ» አለች ደብተሯን እያወጣች። «ሙሉ ስሙ?»

«ዘፊሪን ካስታኜ።»

ተጻፈ። ኡዶክሲ ፊደል አልቆጠረችም፤ «የቱ ነው?» አለች። ማድሞዜል አሳየቻት። ጣቷን ስሙ ላይ አሳረፈች፤ ያልደረቀው ቀለም ጣቷ ላይ ቀረ።

እንግዳዋ ስትሄድ ክፍሏ ገብታ ብርድ ልብሷን አጠፈች። ፈታችው፣ እንደገና አጠፈችው። ጎንትራን ግቢው መሃል ቆሞ ማማውን ሽቅብ ያያል። እሷ ዶሮዎቹን የት እንደምታደርጋቸው ታስባለች።