የታባንዴ ድምፅ

1.

«አጥፊው!»

«ምኑን?»

«ትርሲት፣ አጥፊው አልኩሽ!»

አጋ ፈሬይዱን በአራት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ጮኸውባት አያውቁም። («አጋ» እንደ እኛ «አቶ» ነው።) ዛሬ በሩን ይዘው ቆመዋል። ስልካቸው እጃቸው ላይ እንደበራ ነው። አንደኛው ጫማቸው አልታሰረም።

2. ስለ ቤቱ፣ ባጭሩ

ባጭሩ ያልኩት አንባቢ ትዕግሥት ስለሌለው ነው። እኔም የለኝም።

ጎልናር ሙዚቃ ቤት፣ ሎስ አንጀለስ፣ በምንጣፍ መሸጫና በጥርስ ሐኪም መካከል። የፋርስ ሙዚቃ ብቻ ያሳትማል። አጋ ፈሬይዱን እ.ኤ.አ. በ1979 ከፋርስ አገር፣ ከሺራዝ፣ ሁለት ሻንጣ ይዘው መጡ። አንደኛው ልብስ አልነበረበትም፣ የተቀዳ የቴፕ ክር ሞልቶት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁለት መቶ አሥራ አራት አልበም አውጥተዋል። አንድ ጊዜ የአንድ ከበሮ መቺ ስም በአንዲት ፊደል ተሳስቶ ሲታተም ሦስት ሺህ ሽፋን አስቀድደዋል። «ስሙን ከነጠቅኸው ምን ተረፈው?» ይላሉ።

ትርሲት የድምፅ ባለሙያቸው ናት፤ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። ፋርስኛ አትሰማም። የሚያወሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ እኔ ወደ አማርኛ አምጥቼዋለሁ።

3. ክሩ

ከሦስት ሳምንት በፊት አጋ ፈሬይዱን አንድ ጥቅል ክር ጠረጴዛዋ ላይ አኖሩ። «አጽጂልኝ» አሉ። ሌላ አላብራሩም።

አሮጌ ክር ይጣበቃል። እንዲሁ ካጫወቱት ድምፁ ተልጦ ማሽኑ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ትርሲት ለፍራፍሬ ማድረቂያ በተሠራ ማሽን ስምንት ሰዓት አደረቀችው። አቀዘቀዘችው። አጫወተችው።

ሴት።

ብቻዋን።

ትርሲት እጇ ማሽኑ ላይ እንዳለ ሃያ ሁለት ደቂቃ አልተንቀሳቀሰችም።

4. ንግግሩ፣ እንደነበረ

ትርሲት፦ ይቺ ማን ናት?

ፈሬይዱን፦ ታባንዴ። እህቴ። ሃያ አንድ ዓመቷ ነበር። ትዘፍን ነበር።

ትርሲት፦ ለምን አላሳተሟትም? አጋ፣ ከሁለት መቶ አሥራ አራቱ አንዱም እግሯ ሥር አይደርስም!

ፈሬይዱን፦ ወደድሻት? እንግዲያው ያንቺ ናት። ውሰጃት።

ትርሲት፦ ኧረ አይሆንም!

ፈሬይዱን፦ ላንቺ ምን ይበዛል? ተራ ነገር ነው። ደስ እንዳለሽ አድርጊው።

ትርሲት፦ ኧረ በፍጹም፣ አጋ።

ፈሬይዱን፦ በሞቴ!

ትርሲት፦ . . . እሺ። እግዜር ይስጥልኝ።

(ክሩን ያያሉ። አራት ሰከንድ ያህል።)

ፈሬይዱን፦ ሻይ ላምጣልሽ?

5. የግርጌ ማስታወሻ፣ መሐል ላይ የገባ

«በሞቴ» የምትለዋን ያስተማረቻቸው ራሷ ትርሲት ናት። ወደዷት። ለጥርስ ሐኪሙም፣ ለፖስተኛውም፣ ለሁሉም «በሞቴ» ይላሉ።

ፋርሶች ታዓሮፍ የሚሉት ወግ አላቸው። እንግዳ ያደነቀውን ዕቃ «ያንተ ነው» ማለት ጨዋነት ነው። እንግዳው ደግሞ ሰጪው እስኪደክመው እምቢ ይላል። ባለ ታክሲ እንኳ ሒሳብ ሲሰጡት «ተወው፣ ምን አላት» ይላል፤ ተወው ተብሎ ዝም ብሎ የወረደ ግን የለም።

የትርሲት እናት ያስተማረቻት ሌላ ነው፦ ትልቅ ሰው ሲሰጥሽ አንዴ እምቢ፣ ሁለቴ እምቢ፤ በሞቴ ካለ በሁለት እጅ ተቀበይ። ከዚያ በኋላ እምቢ ማለት ስድብ ነው።

ሁለቱም ጨዋ ነበሩ። መዘዙ የመጣው ከዚህ ነው።

6. ያደረገችው

ዘፈኖቹን በሙዚቃ ቤቱ ገጽ ላይ ለቀቀች።

በክሩ ሣጥን ላይ ያለውን ሙሉ ስም ጻፈች። የተቀዳበትን ከተማ ጻፈች። ሙዚቃ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የታባንዴን የወጣትነት ፎቶ በስልኳ አንስታ ለጠፈች።

ሞታለች ብላ ነው። ማንንም አልጠየቀችም። አጋ ፈሬይዱን ኢንተርኔት ስለማይከፍቱ ልታስደንቃቸው ፈለገች።

በአሥራ አንድ ቀን አራት መቶ ሺህ ሰው ሰማት።

7. በሩ ላይ፣ የቀጠለ

«ፓስፖርቷን ነጠቋት» አሉ። «አየር ማረፊያ ላይ። ድምፅዋን ከስልክ አሰምተዋት፣ ‹ይቺ አንቺ ነሽ?› አሏት።»

«ማንን?»

«ታባንዴን!»

«ታባንዴ . . . አለች እንዴ?»

አዩዋት። እንዲህ ያለ አስተያየት አይታ አታውቅም።

«አለች ወይ? ሺራዝ ናት! ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው! እዚያ ሴት ብቻዋን ለሕዝብ መዝፈን እንደማይፈቀድላት አታውቂም? አራት ዓመት ሙሉ የማንን ሙዚቃ ነበር የምታጸጂው?»

ታውቃለች። ያላሰበችው ሌሎቹ ዘፋኞች ሁሉ እዚህ ያሉ ወይም የሞቱ ስለሆኑ ነው።

«ባሏ ከአገር እንድትወጣ ሳይፈቅድላት ኖሮ አምና ሞተ። ሐሙስ ኢስታንቡል ልንገናኝ ነበር። አርባ ስድስት ዓመት! ክሩን ያስጸዳሁት ሆቴል ውስጥ፣ ለእሷ ብቻ ላሰማት ነበር።»

«ሰጥተውኝ ነበር እኮ፣ አጋ። ሦስት ጊዜ . . .»

«የተሰጠውን ማን ይወስዳል?!»

8.

ዛሬ ማክሰኞ ነው።

9.

አጠፋችው።

ስልሳ ቦታ ተቀድቶ አገኘችው።

10. ስልኩ፣ ረቡዕ ረፋድ

ታባንዴ ሠላሳ ዓመት እንግሊዝኛ አስተምራለች፤ አስተርጓሚ አልፈለገችም። የደወለችው ከጎረቤት ስልክ ነው፤ ድምፅዋ በማጉያው ይሰማል። አጋ ፈሬይዱን ከትርሲት ወንበር ኋላ ቆመዋል።

«ሌባዋ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ፣ እሜቴ። ይቅርታ ያድርጉልኝ . . .»

«ይቅርታውን ቆይ። ፍጥነቱን አስተካክለሽዋል አይደል? ማሽኑ ቀርፋፋ ነበር።»

«አዎ።»

«ገብቶኛል። ማድቤት በሩን ቆልፌ ሰማሁት። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ዘግይቼ ነው የገባሁት። አይ ሞኝነት! እንደገና እንቅዳው ብለውኝ፣ ርቦኛል ብዬ ሄድኩ።» ሳቀች። ቶሎ አቆመች። «አሁን ስሚኝ፣ ልጄ። ‹ድምፁ የኔ አይደለም› ብዬ ከፈረምኩ ፓስፖርቴን ነገ በማለዳ ይመልሱልኛል። ሙዚቃ ቤቱም ያንኑ ማውጣት አለበት። አይደለችም ብቻ አይበቃም፣ ማን እንደሆነች ይጻፍ ብለዋል።»

«አላደርገውም!» አሉ አጋ ፈሬይዱን። «የሌላ ሰው ስም? አንቺ ላይ? በዚህ ቤት?»

«ፈሬይዱን፣ ሰባ ስድስት ዓመትህ ነው። የቱን ትፈልጋለህ? ስሜን ወይስ እኔን?»

አጋ ፈሬይዱን ወደ መጋዘኑ ገብተው በሩን ዘጉ።

«ሄደ አይደል? ልጅም ሆኖ እንዲሁ ነበር» አለች ታባንዴ። «አንቺ ጻፊው። እሱ እጁ አይታዘዝለትም።»

«እርስዎስ ይፈልጉታል?»

የጎረቤት ሴት ድምፅ ከኋላ ተሰማ። ጥድፊያ አለ።

«ወንድሜን ማየት እፈልጋለሁ» አለች ታባንዴ። «የምትጽፊያት በሕይወት ያለች ሴት እንዳትሆን ብቻ። እሷንም ሄደው እንዳይጠይቋት። እስከ እናንተ ቀትር ድረስ ይውጣ።»

11. ትርሲት የሞከረቻቸው ስሞች

ማህሩክ። (ፈለገች፤ ሺራዝ ውስጥ ሁለት አሉ። አንዷ ነርስ።)

ረኽሻንዴ። (አንዲት። የልጅ ልጆቿን ፎቶ ለጥፋለች።)

ጎልአንዳም። (መጀመሪያ በዚህ ስም ማንም አልነበረም። ከዚያ አንዲት ተገኘች።)

ከራሷ የፈጠረችው፣ ማንም የማይጠራበት ስም። (ሐሰት መሆኑ ከሩቅ ያስታውቃል።)

አንዲት የሞተች ዘፋኝ፣ አልበም ቁጥር 31። (ልጇ በየዓመቱ በሙት ዓመቷ ሙዚቃ ቤቱ ድረስ አበባ ይዞ ይመጣል።)

ከመጋዘኑ አንድ ጊዜ የሣጥን መጎተት ተሰማ።

ለቀትር አሥር ደቂቃ ቀረው፤ የስሙ ቦታ ገና ባዶ ነው።

12.

ጎልናር ሙዚቃ ቤት
ማስተባበያ

በሙዚቃ ቤታችን ገጽ ላይ በቅርቡ የወጣው የ1978 ቅጂ በስሕተት በወይዘሮ ታባንዴ ስም ቀርቧል። ድምፁ የእሳቸው አይደለም። ዘፋኟ







ናት።