መረቡ የወረደ ዕለት

ፓላኒ ጠዋት ከመኝታው ሲነሳ ፊቱን እንኳ ሳይታጠብ ስልክ ይደውላል። በወዲያኛው ጫፍ ሰው የለም። የተቀረጸ የሴት ድምፅ የዕለቱን ቀለም ብቻ ይናገራል። የሱ ቀለም ሐምራዊ ነው። ሐምራዊ ከተጠራ ከሚኖርባት መንደር ከዋይማናሎ ተነስቶ ወደ ከተማው ሆኖሉሉ ይሄዳል፤ ዘበኛ ቆሞ እያየው ሽንቱን ይሰጣል። ዕፅ ከተገኘበት ወይም ካረፈደ እዚያው እጁ ካቴና ውስጥ ይገባል። አንድ ጊዜ አውቶቡስ አምልጦት ዘግይቶ ነበር፤ የዚያን ቀን እራቱን እስር ቤት በላ። ዳኛዋ የአራት ዓመት እስራቱን በገደብ ስታግድለት፣ ትልቁን ቅጣት አንጠልጥዬዋለሁ፣ ትንሹን ግን ባጠፋህ ቁጥር ትቀምሳለህ ብላው ነበር፤ ቃሏንም ጠበቀች።

ይህን ሁሉ ለመደው። ያልለመደው ባሕሩን ነው። ሰማዩ በጠራ ቀን ማካፑ ገደል ላይ ሲወጣ፣ ሞሎካይ ደሴት ከውሃው ማዶ እንደተኛ እንስሳ ጀርባ ትታየዋለች። ልጁ ያለችው እዚያ ነው። የልጁ እናት ኖሄያ ነፍሰ ጡር ሳለች፣ እሱ በረዶ የሚሉትን ዕፅ ማጨሱን አልተው ስላለ፣ ጥላው ሞሎካይ አባቷ ቤት ገባች፤ ፑአናኒም እዚያው ተወለደች። አሁን ዕፁን ትቷል፤ ግን ያለፈቃድ ከሚኖርበት ከኦዋሁ ደሴት መውጣት አይችልም። ልጁን የሚያውቃት በስልክ ነው። ኖሄያ ደግ በሆነችለት ቀን ስልኩን ከተኛችው ሕፃን አጠገብ ታስቀምጥለታለች፤ እሱም አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ አተነፋፈሷን ያዳምጣል።

በደሴቶቹ ሰዎች ዘንድ የሕፃን የመጀመሪያ ልደት ከሠርግ አያንስም። አሳማ በጋለ ድንጋይ ጉድጓድ ውስጥ ይበስላል፣ ዘመድ ከየደሴቱ ይሰበሰባል። የኖሄያ አባት ለቅዳሜው የፑአናኒ ልደት ዓሣውን ከአባትየው ወገን እንደሚጠብቁ ላኩበት። ወይዘሮ ታማሺሮ፣ የገደቡ ተቆጣጣሪ፣ ጉዳዩን ሰምታ ለቅዳሜ የአንድ ቀን ፈቃድ ሰጠችው፤ ማታ ሊመለስ፣ እስከዚያም አንዲት ጥፋት ከተገኘችበት ፈቃዱ ሊሰረዝ።

ሐሙስ ከሥራ ሲመለስ፣ ያስጠጉት የእናቱ ወንድም ጋሽ ሄናሌ ከኮረብታው ላይ ሆነው ወሽመጡ ውስጥ የዓሣ መንጋ የጠቆረ ጥላ ሲንቀሳቀስ አይተው ነበር። ምንም አላሉም፤ ወደ መረቡ በአገጫቸው ጠቆሙት። እሱም ምንም ሳይል መረቡን መኪናው ላይ ጫነ። ለዓሣ የሚወጣ ሰው ወዴት ነህ አይባልም፤ ቢባልም አይመልስም። ዓሣ ይሰማል። ወሬው ቀድሞት የሄደ መረብ ባዶውን ይመለሳል።

ሞተሩን ሊያስነሱ ሲሉ የወይዘሮ ታማሺሮ ነጭ መኪና በሩ ላይ ቆመች። ሴትዮዋ መምጣቷን አስቀድማ አትናገርም።

«ወዴት ነው?» አለችው።

«እንዲሁ ዞር ዞር ልንል ነው።»

መረቡን አየች፤ የዓሣ ማቀዝቀዣ ሳጥኑን አየች። «ዞር ዞር የሚባል ሰፈር አላውቅም።»

ጋሽ ሄናሌ ሳቅ ብለው፣ «አንቺ ልጅ፣ ዓይን ተሰጥቶሽ የለ? አፋችንን ምን ያስከፍትሻል?» አሏት።

«አባቴም አጥማጅ ነበር ጋሼ። አንድ ቀን እንኳ ነግሮን አልወጣም። ዛሬ ግን የሱ ልጅ ሆኜ አልመጣሁም።» ወደ ፓላኒ ዞረች። «የምትሄድበትን በራስህ አፍ ልትነግረኝ ፈርመሃል። እኔ በግምት አልጽፍም።»

ፓላኒ አጎቱን አያቸው። እሳቸው ወደ ባሕሩ ያያሉ። ቢናገር ዓሣው የለም፤ ባይናገር ቅዳሜ የለችም።

«ዓሣ ልናጠምድ ነው» አለ። «እዚሁ ወሽመጡ ላይ፣ እስኪመሽ።»

ጻፈች፤ ፈቃዱ እንደጸና ነግራው ሄደች። አቧራው ሳይረግፍ ጋሽ ሄናሌ መረቡን ማውረድ ጀመሩ።

«ጋሼ፣ ለማንኛውም ብንሞክረውስ?»

«ምኑን? ዓሦቹ ሰሙ እኮ።»

በድምፃቸው ቁጣ አልነበረም፤ ቢቆጡት ይሻለው ነበር። የመረቡን ሌላ ጫፍ ይዞ አብሮ አወረደ። ከገበያ ልግዛ ይሆን ብሎ ሲጠይቅም፣ የተገዛ ዓሣ የሻጩ ወገን ስጦታ ነው አሉት። ዓርብ ጠዋት ጥላው ከወሽመጡ ሄዷል።

ቅዳሜ የተጠራው ቀለም አረንጓዴ ነበር። ትንሿ አውሮፕላን ባሕሩን ተሻግራ አሳረፈችው። የኖሄያ አባት አሳማው የሚበስልበት ጉድጓድ ዳር ቆመው እጁን ካዩ በኋላ ፊቱን አዩ።

«ዓሣውስ?»

«ወዴት ነህ ተባልኩ። ተናገርኩ።»

«ለምን ትናገራለህ?»

«ባልናገር ኖሮ አልመጣም ነበር።»

ሽማግሌው ድንጋዩን በእንጨት ገፋ ገፋ አደረጉ። ከዚያ፣ «እንግዲህ ቁጭ በል፤ ቆመህ አታመጣው» አሉት። በዙሪያው ያለው ሰው ሳቀ። እሱም ለመሳቅ ሞከረ።

ኖሄያ ልጅቱን አቀበለችው። ፑአናኒ ድርቅ ብላ ፊቱን አየች፤ ከዚያ በመላ ሰውነቷ እየተወራጨች አለቀሰች። ድምፁን ሰምታ ትለየኛለች ብሎ ነበር፤ ስሟን ሲጠራ ባሰባት። መልሶ ለእናቷ ሰጣት።

«አትንካት» አለችው ኖሄያ ቀስ ብላ። «አጠገቧ ብቻ ሁን። ስትፈልግ ትመጣለች።»

ምንጣፉ ላይ፣ ከልጁ አንድ ክንድ ያህል ርቆ ተቀመጠ። ሰዉ በላ፣ ጠጣ፣ ዘፈነ። አውሮፕላኑ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይነሳል። ልጅቱ አልፎ አልፎ ቀና ብላ ታየዋለች፤ ሲያያት ፊቷን ታዞራለች፤ ስለዚህ አለማየትን ለመደ።

ጥላው ሲረዝም፣ ሊሄድ ሲል፣ ከሱ ወዲያ ማዶ የጎደሬ ገንፎ የሞላ ሳህን ታያት። ዳዴ እያለች መጣች። እግሩ መንገዷ ላይ ተዘርግቶ ነበር። አላየችውም፤ መዳፏን ቁርጭምጭሚቱ ላይ አሳርፋ፣ በሆዷ ተንፏቅቃ፣ እንደ ወደቀ ግንድ ቆጥራ ተሻገረችው።

ፓላኒ እግሩን አላነቃነቀም። ከውጭ፣ አውሮፕላኑ ዘንድ የሚያደርሰው መኪና ጥሩምባ ነፋ። ልጅቱ እጇን ገንፎው ውስጥ ነክራ፣ የምትመለስበትን መንገድ ዞር ብላ ታያለች። «አንድ ጊዜ ጠብቁኝ» አለ፤ እግሩም እንደተዘረጋ ነበር።