ጊልበርት ምልክት ያደረገባት መርከብ

ባሌ ጊልበርት ግትር ነው። የኔም ምላስ አያርፍም። እንዲህ ሆነን ሠላሳ ስምንት ዓመት ኖርን።

እዚህ ረንፍሩ ከተማ የሚሠሩት የእንፋሎት ደለል ጠራጊ መርከቦች ብዙዎቹ በራሳቸው ጉልበት ከክላይድ ወንዝ ወጥተው ይሄዳሉ። ጊልበርት የሠራባት ያቺኛዋ ግን ለኒውዚላንድ የታዘዘች ነበረች፤ ያን ሁሉ ባሕር አትችልም ተባለ። ስለዚህ እዚሁ በብሎን ገጣጥመው አቆሟት፤ ከዚያ ላሜራዎቿንና የወንዝ ጭቃ የምትዝቅባቸውን ባልዲዎች አንድ በአንድ ፈትተው በሣጥን ሊልኳት ነው። እያንዳንዱ ብረት የት እንደሚገባ በነጭ ቀለም ምልክት የሚያደርገው ጊልበርት ነበር። እዚያ ደርሶ መልሶ የሚያስገጥማት አንድ ሰው ከመርከብ መሥሪያ ግቢው ይላካል ተብሏል፤ መሳፈሪያውን ግቢው ይችላል።

ልጃችን ኤልስፔት ያገባችው መርከቢቱ በምትሄድበት ወደብ ነው። ከሄደች አሥራ አንድ ዓመቷ። ሦስት ልጆች ወልዳለች፤ አንዱንም አላየንም። በራሳችን አቅም መሄድ የማይታሰብ ነው።

«አንተ ሰውዬ» አልኩት እራት ላይ፣ «የድሮዎቹ ምልክት አድራጊዎች ግማሹን በጭንቅላታቸው ይይዙት አልነበር?»

«ይይዙት ነበር።»

«ታዲያ አንተስ? አንተ ብቻ የምታውቀው ነገር ትንሽ ሳትጽፍ አስቀር። ያን ጊዜ ወደዱም ጠሉም አንተን ይልካሉ።»

«ደግሞ ጀመረሽ። ሥራዬን አይተው ነው የሚልኩኝ። ጥሩ የሠራ ሰው አይቀርም።»

«ጥሩ ያረሰ በሬ ምን እንደሚያገኝ ታውቃለህ?»

«ምን ያገኛል?»

«ሌላ እርሻ።»

ሳቀ። ምክሬን ግን ከቁም ነገር አልቆጠረውም።

አራት ሳምንት ሙሉ ብረት ላይ ተደፍቶ ሰነበተ። ቁጥሩን ሕፃን ልጅ እንኳ እንዲያነበው አድርጎ ጻፈ። ይህ አልበቃ ብሎት አገጣጠሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በደብተር አሰፈረ። እኔም ተሸነፍኩና የሚሄድ መስሎኝ አደራዬን መደርደር ጀመርኩ። «ስታገኛት ዝም ብለህ አቅፈሃት እንዳትቀር፤ ደህና አድርገህ እያት። ከስታ እንደሆነ፣ ጥርሷ ደህና እንደሆነ፣ ሳቋ የድሮው እንደሆነ፣ ሁሉንም ጻፍልኝ» እለው ነበር።

ቅዳሜ ቀትር ላይ መጣ። ቆቡን ሳያወልቅ ተቀመጠ።

«ሥራ አስኪያጁ ጠራኝ» አለ። «ደብተሩን እያገላበጠ፣ እንዲህ ያለ ሥራ አይቼ አላውቅም አለኝ።»

«እሺ?»

«ይህን የያዘ ማንም ብረት ሠሪ እዚያው ይገጥማታል፣ ሰው መላክ አያስፈልገንም አለ። ከዚያ ጨበጠኝ።»

ብዬህ ነበር ልለው አፌን ከፈትኩ። ግን እውነቱን ልናገር፤ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነበር። ስድሳ አራት ዓመቱ ነው፣ ደረቱም ያፍነዋል፣ ባሕሩ ደግሞ ሦስት ወር ያስኬዳል። ከሄደ እንደማይመለስ ለራሴም ሳልነግር አውቀው ነበር። ባሌ ቀረልኝ አልኩ በልቤ።

ደስታዬ ግን አንድ ትንፋሽ አልቆየም። ኤልስፔት ትዝ አለችኝ።

«አጠፋሁ?» አለኝ።

«አላጠፋህም።»

«አንቺ እኮ ነግረሽኝ ነበር።»

«ተወው እስቲ። ሾርባው ይቀዘቅዛል።»

ማንኪያውን አልነካም። የጣቶቹን ነጭ ቀለም በጥፍሩ እየፋቀ ቆየ።

«ከእንግዲህ አናያትም፣ አይደል?» አለኝ።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሁለታችንም ይህን ቃል ከአፋችን አውጥተን አናውቅም። ወንበሬን ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«አናያትም» አልኩት።